ከወንዙ ማዶ የተገኘው ቅጠል

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሥሩ ይበጠሳል!»

ጄነሬተርና ሚዛን የባልዲውን እጀታ አንድ ላይ ይዘው በጠዋት ወንዙን እየተሻገሩ ነው። ልጁን ጄነሬተር ያሉት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ አንዴ ማውራት ከጀመረ ማን ያጠፋዋል? ጓደኛው ደግሞ ሁሉን ነገር ካልመዘነች አትናገርምና ሚዛን ተብላለች። ባልዲው ውስጥ ያለው የአክስቱ አበባ ነው፤ አክስቱ ግን ገና አልሰማችም።

ጣጣው የመጣው ከስንፍና ነው። የባዮሎጂ መምህራቸው ለየቡድኑ አራት እንጨት በሲባጎ አስረው ካሬ ሰጡ። አንዴ ሰው በሚረግጠው የወንዝ ዳርቻ፣ አንዴ ሰው በማይደርስበት ጥላችሁ፣ ውስጡ ስንት ዓይነት ዕፅዋት እንዳለ ቁጠሩ አሏቸው። የመጀመሪያውን መኪና የሚታጠብበት ቦታ ላይ በደንብ ሠሩ፤ የጠወለገ ሳርና የሳሙና አረፋ ብቻ ነበር። ለሁለተኛው ወንዙን መሻገር ግድ ሆነ። የውኃው ቅዝቃዜ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ጄነሬተር ሳር የትም ሳር ነው ብሎ ካሬውን አክስቱ ጓሮ ጣለው። ሚዛንም አጉረመረመች እንጂ አብራው ቆጠረች።

እዚያ ላይ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ለማሳመር ሲል ከአክስቱ አበባ ወይን ጠጅ መስመር ያለው ቅጠል ሣለ። መምህሩ ሥዕሉን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በዚህ ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ ተክል አይተው አያውቁም፤ በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ይዘው ሊያዩት ወሰኑ። ሚዛን ክው አለች። ጄነሬተር ግን መላ አያጣም፤ ቅጠሉ ወንዝ ዳር ከሌለ ሄዶ መትከል ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእነሱ ውሸት ግን ከነአፈሩ እጅ ይቆርጣል።

ማዶ እንደደረሱ ጄነሬተር መቆፈር ጀመረ። ሚዛን መሬቱን ያን ጊዜ አየችው። እንደ ሳንቲም ክብ ቅጠል ያለው ሐረግ፣ ድንጋዩን የለበሰ ለስላሳ የድንጋይ ሽበት፣ ከሚስማር ራስ የማይበልጥ ነጭ አበባ፣ ሲነኩት ቅጠሉን የሚያጥፍ ዓይናፋር ተክል፤ በአንድ እርምጃ ቦታ ላይ ይህ ሁሉ ተጋፍቶ በቅሏል። እነሱ በመጡበት በኩል ግን ሁሉም ተጨፍልቋል። መኪና ማጠቢያውን መስሏል። ሚዛን አፈረች።

«ጉድጓዱን ድፈነው» አለችው።

«አበድሽ እንዴ? ደረሱ እኮ!»

እውነትም ከወዲያ ማዶ የመምህሩ ባርኔጣ ታየ፤ ከኋላቸው ክፍሉ በሙሉ ሱሪውን እየሰበሰበ ነው።

«ዜሮ ካገኘን ሁለታችን ነን። ያ ሁሉ እግር ከተሻገረ ግን እዚህ የሚቆጠር ነገር አይተርፍም።»

ጄነሬተር ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ መመለስ ጀመረ።

ሚዛን አበባውን ከባልዲው መዘዘችና ሥሩን እንዳንጠለጠለች ውኃው ውስጥ ገባች። መምህሩ አንድ ጫማቸውን አውልቀዋል።

«ቲቸር፣ አይሻገሩ» አለች። «ቅጠሉን እኔ አመጣዋለሁ።»

ከኋላዋ ባልዲ ሲንኳኳ ሰማች። ጄነሬተር ውኃውን እየረገጠ ደረሰባት።

«እሺ፣ ለቲቸር እውነቱን አብረን እንናገራለን» አላት በሹክሹክታ። «ለአክስቴ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።»