ያልተቀረጸው ሠርግ

«ሻህንዳ ዋጊህን ልትገድለው ነው» ይባል ነበር። ወሬውን ከልብስ ክፍል እስከ መብራት ክፍል ያዞረችው የሜካፕ ሠራተኛዋ ኢንሻራህ ናት፤ መግደል ማለቷ በድራማው ውስጥ ነው። በረመዳን ካይሮ ላይ ድራማ ጠዋት ተጽፎ፣ ቀን ተቀርጾ፣ ማታ ይታያል። ደራሲዋም መሪ ተዋናይቷም ሻህንዳ ናት፤ የጠላችው ተዋናይ ሳምንቱን አይጨርስም።

የሞተችው ግን ሻህንዳ ሆነች። ሰው ሁሉ ሊያፈጥር ሲሯሯጥ፣ ለሠርጉ ትዕይንት ከተሠራው ሰገነት ወድቃ፣ በሙሽራ ቀሚሷ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ ተገኘች። መርማሪ ፋክሪ ሁለቱን እጆቿን ደጋግሞ አገላበጠ።

ዳይሬክተሩ ሩሽዲ «ደክሟት ነበር፤ ራሷን ጣለች» አለ። ሻህንዳን የሚያውቅ እንዲህ አይልም። ትወናን ሻይ አቅራቢ ገረድ ሆና ስትጀምር አንዲት ቃል እንኳ አልጻፉላትም፤ ስለዚህ መጻፍን ራሷን አስተማረች። ከዚያ ወዲህ አፏን ያስያዛት የለም።

በማግስቱ ፋክሪ ኢንሻራህን ጠየቃት።

«እትዬ፣ የእጇን ሂና ማን ቀባት?»

«እኔ ነኛ ባሻ! ቀኝ እጇን እስከ ቀለበቱ ዙሪያ ቀብቼ፣ ‹እርጥብ ነው፣ እንዳትነኪው፤ ግራውን ካፈጠርን በኋላ› ብያት ሄድኩ።»

«ቀለበቱ በቀኝ ነበር?»

«በድራማው ገና እጮኛ አይደለች? በሠርጉ ቀን ወደ ግራ የሚያዛውርላት ሙሽራው ነው። የኔ ሰነፍ ባል እንኳ ይቺን አልረሳም!»

የድራማው ሙሽራ ዋጊህ ነበር። እሱ ግን «መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር ጌታዬ» አለ። «ከቀኑ ቀረጻ በኋላ አላየኋትም።»

አዛን ሲሰማ ፋክሪ ሦስቱንም ሰገነቱ ሥር ሰብስቦ ተምር አዞረ። ዋጊህ በግራ እጁ አነሳ።

«አንተ ሰውዬ፣ በግራ?» አለች ኢንሻራህ። «እናት አላሳደገችህም?»

«አሳድጋዋለች» አለ ፋክሪ። «ሬሳዋ ላይ ቀለበቱ የነበረው በግራ ነው። የቀኝ ጣቷ ሂና ተፍቋል። ራሷ አውልቃው ቢሆን የግራ ጣቶቿ ይቀሉ ነበር፤ ነገር ግን ንጹሕ ናቸው። ሌላ እጅ አዛውሮላታል ማለት ነው። ቀለበት የሚያዛውረው ደግሞ ሙሽራው ነው፤ ስለዚህ ሰገነቱ ላይ ትዕይንቱን ስትለማመድ አብሯት የነበረው እሱ ነው። ሂና ቢያጥቡት አይለቅም፤ ሲያድር ይብሳል። ዋጊህ፣ ቀኝህን ከኪስህ አውጣ።»

እጁ ቀስ ብሎ ወጣ። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ጉበት መስሎ ቀልቷል።

«ለዓመታት ስልኬ ላይ የሚደውል አልነበረም» አለ ዋጊህ። «ይቺን ሥራ ባጣ ተመልሼ ያው ነኝ። ቀለበቱን ሳጠልቅላት ‹ከዚህ ትዕይንት ቀጥሎ ትሞታለህ› አለችኝ። ለመንኳት። ሳቀች፤ ‹ጥሩ ሞት ጽፌልሃለሁ› አለች። ገፋኋት።»

ወሰዱት። ሩሽዲ ተምሩን ሳይቀምስ እንደያዘ ቀረ።

«ትናንት ቀትር ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያው ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ድራማውን ሰርዘውታል። ለሻህንዳና ለዋጊህ ካፈጠሩ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ…»