ያወቅሽውን አጥፊ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ በሚኒሶታ ሜዳ ላይ በረዶ ከነፋስ ጋር ይወርድ ነበር።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

የትንሿ ከተማችን ትምህርት ቤት ከፍተኛውን የሥነ ልቦና ትምህርት አይሰጥም። ለብቻዬ አጥንቼ፣ በግንቦት ሌላ ከተማ ሄጄ ልፈተን ተመዘገብኩ።

አስተማሪ አልነበረኝም። እናቴ ነበረችኝ።

እናቴ ካሪን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ልጆቹ እስኪለቀቁ በባዶው አውቶቡስ ተቀምጣ ጥያቄዎቼን በትንሽ መቅረጫ ትቀርጽልኝ ነበር። ጥያቄውን ታነባለች... ዝም ትላለች... ከዚያ መልሱን ትናገራለች።

«አትቸኩይ ሶሊ» ትላለች አንዳንዴ። «አውቶቡሱ ጥሎሽ አይሄድም። ሹፌሯን ታውቂያታለሽ።»

ስለ ቅጂዎቹ ሕጓ አንድ ነበር። ያወቅሽውን አጥፊ፤ የማታውቂው ብቻ ይቅር።

እኔም አጠፋሁ። እየሳቅሁ አጠፋሁ።

በየካቲት፣ የመጨረሻውን ልጅ ካወረደች በኋላ፣ አውቶቡሱን ዳር አስይዛ መሪው ላይ እንደተደገፈች ተገኘች። ልቧ ቆሞ ነበር።

መቅረጫው ላይ የቀረኝ፣ የማላውቃቸውን ጥያቄዎች የምትጠይቅበት ድምፅዋ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማወቅ አቆምኩ። ጥያቄውን ስትጠይቀኝ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። እሷም መልሱን ትነግረኛለች። እንዲህ እያልን ሰነበትን።

አንድ ቀን ግን መልሱ ሳላስበው ብልጭ አለብኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። ቃል አልተነፈስኩም።

በማግስቱ ያ ቅጂ አልነበረም።

«አባዬ፣ መቅረጫዬን ነክተሃል?»

«እኔ? የምድጃውን ሰዓት ማስተካከል ያቃተኝ ሰውዬ?» የአጃ ገንፎውን ማማሰል አቆመ። «ሶሊ... ለጊዜው ብታስቀምጪውስ?»

«ታዲያ ማን ያስጠናኛል?»

አቀርቅሮ ገንፎውን ማማሰል ቀጠለ።

ሌሎቹም ተራ በተራ ጠፉ። በቀሩት ላይ ደግሞ የእናቴ ዝምታ ረዘመ። በዝምታው ውስጥ የአውቶቡሱ የመስታወት መጥረጊያ ይሰማል... ወዲህ... ወዲያ...

ቅጂዎቹ ግን የተቀረጹት በመስከረም ፀሐይ ነው፤ ዝናብም በረዶም አልነበረም።

በዚያ በረዷማ ማለዳ አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ ከፈትኩት።

«የከሰመ ልማድ» አለች እናቴ፣ «ከዕረፍት በኋላ፣ ማንም ሳይጠራው ሲመለስ ምን ይባላል?»



መጥረጊያው... ወዲህ... ወዲያ...

መልሱን አልተናገረችም። ጠበቀችኝ።

«አላውቀውም» አልኩ በሹክሹክታ።

መጥረጊያው ቆመ።

«ታውቂዋለሽ።»

«እማዬ... ካልኩት ትሄጃለሽ።»

«ልጆቹ ብርድ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፣ ሶሊ።»

«የትኞቹ ልጆች?»

ከድምፅዋ ኋላ ትናንሽ እግሮች በረዶ ሲያራግፉ ሰማሁ። ብዙ ነበሩ። አንዱ ያስላል።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ላቆያት እችል ነበር። ግን ያ ሳል...

«ድንገተኛ ማገገም» አልኩ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

የአውቶቡስ በር ተዘጋ። ከመቅረጫው ይሁን ከደጅ፣ አልለየሁትም።

ከፎቅ ስወርድ አባቴ የውጭውን በር ከፍቶ በካልሲው ቆሟል። ትምህርት ቤት መዘጋቱን ማታ ነግረውናል፤ በዚያ በረዶ መኪና አይንቀሳቀስም። ደጃችን ላይ ግን ሰፊ የጎማ ፈለግ ነበር። አጠገቡ ትናንሽ ዱካዎች... ሁሉም እስከ ጎማው ድረስ ሄደው ያበቃሉ።

«ግቢ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይበርድሻል።»

መቅረጫው ባዶ ነበር።

በግንቦት ተፈተንኩ። ያ ጥያቄ አልመጣም።