የመምህር ባድሩ ሦስት ክምር

ኢንስፔክተር ስህን ደፉን እንደተሻገረች አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ያዘች። የበሰበሰ ዓሣና ነጭ ሽንኩርት የተቀላቀለበት የሚመስል ግማት ጉሮሮዋን ቧጠጣት። የእንግሊዝኛው መምህር ባድሩ ጥግ ላይ ካለው ፍራሽ ላይ እንደተጠቀለለ ሞቷል። ውጫሌ ያለው ቤቱ በጦርነቱ ከተቃጠለ ወዲህ እዚህ ሐይቅ፣ የእርዳታ ስንዴ መጋዘን በሆነ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከጆንያ ጋር እየተጋፋ ነበር የሚያድረው። ከራስጌው የነቀዝ መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ ወድቋል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ኡበይድ፣ ከበሩ ሳያልፍ። «ስንዴ ጎደለ ተባለ፤ አፈረ መሰለኝ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮት ሰብረን ነው የገባነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?»

«ወላሂ ውሸት ነው!» ስትል የባድሩ እህት ፈዲላ ከደጅ ጮኸች። «ወንድሜ ሌባም አይደለም፣ ራሱንም አልገደለም!»

ወሬው ግን ቀድሟት ከተማውን አዳርሷል። ሼኽ ሙዘይንም «ራሱን በገደለ ሰው ላይ እኔ አላሰግድም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ፣ ወንድሟ ሌባና ራሱን ያጠፋ እንደተባለ አፈር ሊለብስባት ነው።

ስህን ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ባድሩ ወደ አረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ብዛትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚያስተምረው በእህል ነበር። ሦስት ክምር ይሠራል፤ ከየክምሩ ፊት ቃሉን በካርቶን ጽፎ ያቆማል። ስህን ካርቶኖቹን አንብባ ግንባሯ ተቋጠረ። ከትልቁ የስንዴ ክምር ፊት የቆመው «ፊው» ነው፤ ጥቂት ማለት ነው። ከአንዲቷ እፍኝ ስንዴ ፊት «ቫሪየስ»፣ የተለያየ የሚለው። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ከተደባለቀበት ፊት ደግሞ «ፕለንቲ»፣ እጅግ ብዙ።

«ማታ ራት ሳመጣለት ሁሉም በየቦታው ነበር» አለች ፈዲላ እንባዋን እየጠረገች። «እኔም ተማሪው ነኝ። ባድሩ ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስ እንኳ ይህን አይስትም።»

ስህን እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ትልቁ ክምር ውስጥ ሰደደች። ላዩ ንጹሕ ስንዴ ነው። ሥሩ ጠቁሯል። ሻጋታው ጣቷ ላይ ተለጠፈ፤ ነቀዙ አንጓዋ ላይ ተርመሰመሰ። ይህን የእርዳታ ስንዴ ነው እንግዲህ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ለልጁ አስፈጭቶ የሚያበላው! እጇን እያራገፈች ሄዳ የፍራሹን ጠርዝ ገለጠች። ከሥሩ አመድ የመሰለ ግራጫ ዱቄት ተቆልሏል።

ሽማግሌውን ዘበኛ ጁማን ጠራች። «ጋሽ ጁማ፣ መስኮቱን በጆንያ የደፈነው ማን ነው?»

«እኔው ነኝ ልጄ። ትናንት አመሻሹ ላይ ኡበይድ ‹ሌባ በዝቷል፣ ድፈነው› ብሎ አዘዘኝ።»

«ዛሬስ በሩን ከሰበራችሁ በኋላ?»

«እኔን ፖሊስ ጥራ ብሎ ሰደደኝ። እሱ እደጅ ሆኜ እጠብቃለሁ አለ።»

አንዱን ካርቶን ሰጠቻቸው። «ምን ይላል?»

ጁማ ገልብጠው ያዙት። «ኧረ በአላህ! እኔ ፊደል መች ቆጠርሁና?»

ኡበይድን ጠየቀችው። «እርስዎ ጠዋት ውስጥ ቆይተው ነበር?»

«በጭራሽ! ሬሳ ካለበት ቤት ምን ልሠራ?»

«እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«ለረጂዎቹ ሪፖርት የምጽፈው እኔ አይደለሁ እንዴ!»

ፈዲላ መሬት ላይ እንትፍ አለች። «ባድሩ ነው የሚጽፍልህ! ‹ቁጥር የሌለበት፣ ግን ብዙ የሚያስመስል ቃል ፈልግልኝ› እያልክ ስታደርቀው ኖርክ! ነቀዙን ካየ በኋላ ‹ከእንግዲህ አልጽፍልህም፤ ረጂዎቹ ሲመጡ ክምሩን አሳያቸዋለሁ› አላለህም?»

ዙህር ሲቃረብ ስህን ሼኽ ሙዘይንን፣ ስንዴ ሊቀበሉ ደጅ የተሰለፉትን ተፈናቃዮችና ሌሎቹን በሙሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች። ካርቶኖቹን ዘበራረቀቻቸው። «አቶ ኡበይድ፣ ወደየቦታቸው ይመልሱልን እስቲ።»

«መነጽሬን እቤት ረሳሁት።»

«ግንባርዎ ላይ አይደለም እንዴ?»

ሰው ፊት እምቢ ማለት አፈረ። «ፊው»ን አንስቶ እትልቁ ክምር ፊት አቆመው። ፈዲላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ባድሩ መድኃኒቱን አልዋጠም» አለች ስህን። «መድኃኒቱ እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጋዝ እየለቀቀ አመድ ይሆናል፤ የዋጠው ቢሆን ፍራሹ ሥር አመዱ አይገኝም። መድኃኒቱን እዚያ የቀበረው ሰው መስኮቱን አስደፈነ። ባድሩ ሌባ ፈርቶ በሩን ራሱ ቀረቀረ፤ ጋዙ በተኛበት ጨረሰው። ጠዋት ጋሽ ጁማ ሲላኩ ብቻውን የቀረው ሰው ብልቃጡን ከራስጌው ጣለ፤ ነቀዙ እንዳይታይበትም ደህና ስንዴ አፈሰሰበት። ያኔ ካርቶኖቹ ወደቁ፤ መልሶ አቆማቸው። ፈዲላ ብትሆን አትሳሳትም። ጋሽ ጁማ ቢሆኑ ቢያንስ አንዱን ይገለብጡት ነበር። ፊደሉን እያወቀ ትርጉሙን የማያውቅ፣ ደህናውንም ስንዴ ሸጦ ይህን ግማት የተካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

«እኔ በዚህ ጦርነት ስንቱን ሕዝብ አብልቻለሁ!» ብሎ ኡበይድ ጮኸ።

«ስንቱን? በቁጥር ንገረኝ» አለችው ስህን፤ አንቱታው ቀረ።

ልጅ ያዘለች አንዲት ተፈናቃይ ከተቆፈረው ክምር አፍሳ አየችው፤ ከዚያ ኡበይድ ፊት ላይ በተነችው። ከስህን ጋር የመጡት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው ሲያወጡት ማንም መንገድ ለመልቀቅ አልቸኮለም።

ሼኽ ሙዘይን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፈዲላ ዘንድ ቀረቡ። «አፉ በይኝ ልጄ» አሏት።

«እኔን አይደለም ሼኽዬ» አለች። «እሱን ይበሉት።»

ሼኹ ምርኩዛቸውን ለጁማ ሰጥተው፣ ጢማቸው በእንባ እየራሰ፣ ሊያሰግዱ ከባድሩ ጀናዛ ፊት ቆሙ።