መስኮቶቹ የተከፈቱበት እሑድ

«መስኮት የሚከፍት ካለ ከነሻንጣው እዚሁ ይወርዳል!» አለ ረዳቱ ያዕቁብ የሚኒባሱን በር እየዘጋ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ማንም ግን እጁን ወደ መስኮት አልሰደደም። ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው የደጋ መንገድ መስኮት መክፈት ጠብ ከመጫር አይተናነስም። ንፋስ ይመታል፤ ንፋስ የመታው ሰው አንገቱ ይያዛል፣ ወገቡ ይቆረጣል፣ ሳል ጥሎበት ይከርማል። በመኪናው ውስጥ ያሉት አሥራ አራት ሰዎች በሌላው ነገር ቢለያዩም በዚህ አንድ ነበሩ።

ጁወይሪያ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች። ሾፌሩ አባቷ አብዱልጀሊል ነው። ዘወትር እሑድ ከእናቷ ቤት ከአልዩ አምባ ተነሥታ ስምንተኛ ክፍል ወደምትማርበት ደብረ ብርሃን የምትመለሰው በእርሱ መኪና ነበር። ዛሬ ግን ከጉልበቷ ላይ ያለው ደብተር ከብዷታል። በደብተሩ መካከል የጤና ክበቡ ቅጽ አለ። የክበቡ አባላት በተሳፈሩበት መኪና ሁሉ ሲጋራ ይጨስ እንደሆነ መዝግበው ነገ ሰኞ ያስረክባሉ፤ ከዚያም መዝገቡ ከነሰሌዳ ቁጥሩ ለጤና ጽሕፈት ቤት ይላካል። ባለፈው እሑድ አባቷ ከተማ እስኪደርሱ ሁለት ሲጋራ አጭሷል። እርሷ ግን «የለም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጋ የሰሌዳውን ቦታ ባዶ ትታዋለች።

ጓደኛዋ ሜሮን ይህን አይታ «ፋዘርሽ አቆመ እንዴ? ፓ! ጀግና ነው በይው!» ብላ አቅፋት ነበር። ያ እቅፍ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጣታል።

«አብዱልጀሊል፣ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉ ከኋላ የተቀመጡት እማማ ለተጊዮርጊስ። «ነገ ሳንባዬን የሚያዩበት ቀጠሮ ነው፤ ሐኪሙ ዘንድ በሕይወት ልድረስ።»

«እርስዎማ ሁላችንንም ቀብረው ነው የሚሄዱት!» አለ ያዕቁብ።

«አንተን ዛሬውኑ!» አሉት፤ ሳቁ ገና ሳይበርድ ሳል ያዛቸው።

ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር አባቷ እንደ ልማዱ ከደረት ኪሱ ፓኮውን አወጣ። ክብሪቱን ሲጭር ጁወይሪያ ቀና አለች። ከአናቱ በላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ፤ ከዓመታት በፊት ለቦሎ ሲል ራሱ የለጠፈው ነው። ፀሐይ ጽሑፉን አደብዝዞታል።

«አባዬ...»

«አቤት?»

«ምንም።»

ጭሱ ወደ ኋላ ሲዘልቅ ከዚያው መስታወት ሲንሸራተት ተሰማ። እማማ ለተጊዮርጊስ መስኮታቸውን ከፈቱት።

«ኧረ እማማ! ንፋስ!» አለ ያዕቁብ ደንግጦ።

«አውቃለሁ» አሉና ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ።

ከእርሳቸው ኋላ የነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ የራሱን ከፈተ። ቀጥሎ ከፊቱ የተቀመጠችው መምህርት ከፈተች፤ ቀጥሎ ሁለቱ ነጋዴዎች። ማንም አልተናገረም፤ ማንም ሾፌሩን በክፉ ዓይን አላየም። መስኮቶቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ተከፈቱ፤ የደጋው ብርድ እንደ ወንዝ ገብቶ በመኪናው መካከል አለፈ። በመጨረሻ ያዕቁብ ራሱ፣ ያ ሲምልና ሲገዘት የኖረው ያዕቁብ፣ በበሩ ላይ ያለውን መስታወት ገፋው።

ጁወይሪያ ዞራ ማየቷን መተው አልቻለችም። ስለ ሲጋራ ጉዳት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስንት ንግግር ሰምታለች፤ ስንት ሥዕል ለጥፋለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይታ አታውቅም። ከንፋስ ይልቅ ጅብን የሚመርጡ ሰዎች ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ዓይናቸው እያነባ ተቀምጠዋል። በተከፈቱት መስኮቶች በኩል ደጋው ሁሉ እስከ ሰማይ ጥግ ይታያል፤ እርሷ ግን ከሰዎቹ ፊት ዓይኗን መንቀል አቃታት። በደረቷ ውስጥ ስም ያላገኘችለት ታላቅ ነገር ተነሣ።

አባቷ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ፤ ቆይቶም አየ። ትራፊክም ሐኪምም የገዛ ወንድሙም ተናግረው ያላሸነፉት ሰው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ዳር ይዞ ቆመና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወርዶ ሃያ እርምጃ ያህል ከመኪናው ራቀ። ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኮቱን ንፋስ እያራገበበት፣ ብቻውን አጨሰ።

መስኮቶቹ እንደ አከፋፈታቸው በተራ ተዘጉ።

«ጥሩምባ ልንፋበት?» አለ ያዕቁብ በሹክሹክታ።

«ተወው፤ ይጨርስ» አሉ እማማ ለተጊዮርጊስ። «ወርዶልናል እኮ።»

ሲመለስ እጁ በብርድ ደርቆ ቁልፉን ያዞረው በሁለተኛው ሙከራ ነው።

መናኸሪያ ደርሰው ሰው ሁሉ ሲወርድ ጁወይሪያ ከቦታዋ አልተነሣችም። ደብተሯን ገልጣ ያለፈውን እሑድ ምልክት በእስክሪብቶ ሰረዘችው። «አለ» በሚለው ሳጥን ውስጥ አዲስ ምልክት አደረገች።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት አባቷ።

ሰጠችው። በዝግታ አነበበው፤ ስርዙ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«መጀመሪያ የለም ብለሽ ነበር።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አባቷ ቅጹን መልሶ ጉልበቷ ላይ አኖረው። ጁወይሪያ እስክሪብቶዋን ወደ ሰሌዳው ቦታ ወሰደች፤ ቁጥሩን ገና ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች። እጇ ግን ከወረቀቱ በላይ ቀረ።

አብዱልጀሊል መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት አየ።

«ኮድ ሦስት» አለ።

ጻፈች።

«አማራ።»

ጻፈች። ከዚያ ቁጥሮቹን መጥራት ጀመረ፤ ጁወይሪያም ሳትቀድመው፣ እያንዳንዱን ከአፉ እየጠበቀች ጻፈች።