ጥላው የወደቀበት በር

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱሉልታ የሚገኘው የኦቦ ጎበና ጓሮ እንዲህ ነበር። መሃል ላይ የውኃ ጉድጓድ፣ አጠገቡ የልብስ ማስጫ ምሰሶ። በስተምሥራቅ ወደ ሀሰኖ ሱቅ የሚያወጣ በር፣ በስተምዕራብ የወንድማቸው ልጅ ወደ ሆነው ወደ ቢቂላ ግቢ የሚያወጣ በር፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ሰማያዊ ቆርቆሮ የተሠሩ፣ በቁመትም በስፋትም እኩል። በስተደቡብ ተከራይዋ ላሊሴ የምትኖርባት አንዲት ክፍል፣ ከደጇ ጽጌረዳ፣ ቅርንጫፉ ላይ አንዲት እስስት።

ሦስት ሰዓት ላይ የኦቦ ጎበና አስከሬን ከጉድጓዱ ወጣ። ሐኪሙ ውኃው እንዳልገደላቸው ተናገረ፤ ከኋላ በብረት ተመትተው ነበር።

ላሊሴ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ስለነበር ምንም አልሰማችም። እስስቷን በስልኳ አንስታ፣ ፎቶውን አሳምራ፣ እንደ ልማዷ «ምንም ያልተነካካ» የሚል ጽፋ በገጿ ለጥፋዋለች። ከእስስቷ ጀርባ የልብስ ማስጫው ምሰሶ ከነጥላው፣ በስተቀኝ ደግሞ ካፖርት የለበሰ ሰው በበሩ ሲወጣ ደብዝዞ ይታያል።

«ፎቶውን ነካክተሽዋል?» ሲል መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ጠየቃት።

«እንዳለ ነው» አለች። ቃሉ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

ከላሊሴ ደጅ ሲታይ በስተቀኝ ያለው የሀሰኖ በር ነው። ሀሰኖ ደግሞ ሰኞ ዕለት ከሽማግሌው ጋር በጎርፍ መውረጃ ጉዳይ ተጨቃጭቋል። በዚያው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታሰረ።

ጉዳዩ ኢንስፔክተር ተረፈች እጅ የገባው አርብ ነው። መጀመሪያ ቢቂላን ወደ ጓሮው፣ ወደ ምዕራቡ በር ጠራችው።

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ጫንጮ፣ አማቶቼ ዘንድ። የወጣሁት ገና በአንድ ሰዓት ነው።»

«ይህን በር ማን ይከፍተዋል?»

«ማንም። ጓጉንቸሩ በኔ በኩል ነው፣ ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም። ለሚስቴ እንኳ አልሰጥም!» ብሎ ሳቀ።

«አጥሩን ወደዚህ ልትገፋ ስትል አጎትህ እምቢ ብለውህ ነበር አሉ።»

«ሽማግሌ እምቢ ማለት ይወዳል። ምን ይደረግ?»

ቀጥላ ላሊሴ ዘንድ ገባችና ፎቶውን ብዙ ደቂቃ አየችው።

«ቆንጆ እስስት ናት። በስንት ሰዓት አነሳሻት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«የተለጠፈውስ?»

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቶቹን ጽፋ ወጣች። ላሊሴ ልትጠራት እስከ ደጇ ተከትላት ወጥታ ተመለሰች።

በማግሥቱ የሀሰኖ ሚስት ራቢአ ላሊሴ ደጅ መጥታ ቆመች።

«ልጄ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አባዬን ያሳሰረችው ላሊሴ ናት?› አለኝ። ምን ልበለው?»

«እኔ ያነሳሁት እስስት ነው፣ ራቢአ።»

«እስስትሽንማ አገር አየው! ሀሰኖ እኮ ካፖርት የሚባል ነገር የለውም፤ ብርድ ሲሆን የኔን ጋቢ ነው የሚቀማኝ።»

ላሊሴ ስልኳን ከፍታ ፎቶውን አየችው። እውነቱን ከተናገረች በገጿ ላይ ስትጽፈው የኖረችው ሁሉ ውሸት ሊባል ነው፤ ዝም ካለች ሀሰኖ በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። «ነገ እናገራለሁ» አለች ለራሷ። እሑድም «ነገ» አለች።

ሰኞ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተሯ ቢቂላን፣ ላሊሴንና ራቢአን ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አካም ቡልታን? እንዴት አደራችሁ? ፀሐዩ ደህና ነው። እስቲ ሁላችሁም ጥላችሁን ተመልከቱ።»

«ከሥራ ያስቀሩን ጥላ ልንቆጥር ነው?» አለ ቢቂላ።

«ወዴት ወድቋል?»

«ወደ ቢቂላ በር» አለች ራቢአ።

«የምሰሶውም እንዲሁ። በጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስለሆነች ጥላ ወደ ምዕራብ ይወድቃል። አሁን ፎቶውን እዩ፤ የምሰሶው ጥላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሀሰኖ በር ወድቋል። አመሻሽ ላይ የተነሳ ነው እንዳንል፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተለጥፏል። ፀሐይ አትሳሳትም፤ ስለዚህ የተገለበጠው ፎቶው ነው። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። ሰውየው የወጣው በምዕራቡ በር ነው።» ወደ ቢቂላ ዞረች። «የዚያ በር ቁልፍ ደግሞ ከኪስህ እንደማይወጣ የነገርከኝ ራስህ ነህ።»

«በጥላ ሰው ይከሰሳል እንዴ?» ቢቂላ ሊስቅ ሞክሮ ድምፁ ተሰበረ።

«ላሊሴ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እስስቷ ወደ ግራ ነበር የምታየው። ወደ ቀኝ ብታይ ያምራል ብዬ ገለበጥኩት። ጀርባውንም ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«ዋናው የት አለ?»

«አጥፍቼዋለሁ። ግን ከተሰረዙት መካከል ሠላሳ ቀን ይቆያል።»

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከማክሰኞ።»

ራቢአ ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች።

ዋናው ፎቶ ወጣ። አልደበዘዘም። በግራው በር የሚወጣው ሰው ፊቱን በከፊል አዙሯል፤ በእጁ አጭር ብረት ይዟል። ቢቂላ አየውና ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሀሰኖ የተፈታው በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የታሰረው ስድስት ቀን ከሁለት ሰዓት ነበር። ላሊሴ ዋናውን ፎቶ ከተሰረዙት መካከል ለማውጣት የፈጀባት ጊዜ አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው።