የአርባ ሰከንድ ስህተት

«መቶ አይደለም፣ ስልሳ ነው» አለቻት ታናሽ እህቷን፣ የቤት ሥራ ደብተሯን በጣቷ እየነካች። «ከደቂቃ ስትበደሪ ስልሳ ሰከንድ ብቻ ነው የምትሰጥሽ። መቶ ካልሽማ አርባ ከየት መጣ?»

ታናሿ ላጲሷን አነሳች። ትልቋ ግን በገዛ አፏ በተናገረችው ነገር ክው ብላ ቀረች።

ትልቋን ክፍሏ ውስጥ «ጸሐፊዋ» ነው የሚሏት። የትምህርት ቤቱ ዙሪያ መንገድ ጠባብ ስለሆነ የሩጫ ቡድኑ ልጆች ሲፈተኑ የሚነሱት አንድ በአንድ ነው። እሷ መነሻና መድረሻቸውን ከእጅ ሰዓቷ እያየች ትመዘግባለች፣ ቀንሳም ለአሰልጣኙ ትሰጣለች። ለነገው ውድድር የቀረችው አንዲት ቦታ ትናንት ለ«ከረሜላ» የደረሰቻት በዚሁ ቅነሳ ነው። ከረሜላ ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት።

መዝገቡን ከቦርሳዋ ጎትታ አወጣች። «ድንቢጥ» የሚሏት ቀጭን ልጅ ከአሥር ሰዓት በኋላ በ5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ተነስታ፣ በ14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገብታለች። ከሃያ ላይ ሃምሳ አይቀነስም። ጸሐፊዋ ከደቂቃው መቶ ተበድራ 8 ደቂቃ ከ70 ሰከንድ አግኝታ ነበር፤ ሰባ ሰከንድ መልኩ ስላላማራት ደግሞ አሳምራ 9 ደቂቃ ከ10 አደረገችው። ከረሜላ 8 ከ48 ነበረች።

አሁን በስልሳ ሠራችው። ድንቢጥ 8 ከ30 ሆነች። ደግማ ሠራችው፣ ያው ነው። ሌሎች ሁለት ልጆች ላይም ያንኑ ተሳስታለች፤ እነሱ ግን ርቀው ስለቀደሙ አልጎዳቸውም።

ትናንት ድንቢጥ ጠጋ ብላ «እንደዛ የዘገየሁ አልመሰለኝም» ብላት ነበር። እሷም ቀና እንኳ ሳትል «ወረቀቱ የሚለው ይሄንን ነው» አለቻት። ትዝ ሲላት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

የከረሜላ ቤት ከግቢያቸው አጥር ማዶ ነው። ስትገባ ከረሜላ የቡድኑን ማሊያ ለብሳ መስታወት ፊት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጸሐፊዋ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ ማን ያውቃል?» አለች ከረሜላ።

«እኔ።»

«አንቺማ የኔ ነሽ!» ብላ ሳቀች። ጓደኛዋ አለመሳቋን ስታይ ማሊያውን ወደ ታች ጎተተችው። «አታካብጂዋ። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። አባዬ ሊያየኝ ከሥራ አስፈቅዷል። ምን ልበላቸው?»

«ስህተቱ የኔ ነው በያቸው።»

«ያንቺን ስህተት ምን ያደርጉታል? የሚያዩት እኔን ነው።»

ከረሜላ እውነቷን ነው፣ ምንም አላጠፋችም።

«ብትናገሪ ግን» አለች ከረሜላ፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ እንዳዞረች፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ አትምጪ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሆድ ብሷት ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ታናሿ ደብተሯን ዘርግታ እየጠበቀቻት ነው።

«አሁንስ ልክ ነኝ?»

አየችላት። «ልክ ነሽ።»

ከዚያ የራሷን መዝገብ ከፈተች። 9 ከ10 የሚለውን በላጲስ አላጠፋችውም፤ እንዲታይ አድርጋ በእስክሪብቶ ሰረዘችውና አጠገቡ 8 ከ30 ብላ ጻፈች። አውቶቡሱ ነገ ጠዋት 1፡30 ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ይነሳል፣ አሰልጣኙም እዚያው ነው የሚጠብቀው። ድንቢጥ ቤት ሄዶ፣ ነገሩን ነግሮ፣ እሷንም ይዞ በሩ ጋ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ይበቃል።

ከሠላሳ ላይ ሃምሳ አይቀነስም። ከሰዓቱ ስልሳ ደቂቃ ተበደረች፣ ቀነሰች፣ 12፡40 አገኘች።

«የምን ሰዓት ነው?» አለች ታናሿ በትከሻዋ በኩል እያየች።

«ነገ ከቤት የምወጣበት» አለቻትና የሚቀሰቅሳትን ደወል ሞላች።