ሁልጊዜ ቀሪ የሆነው ግማሽ

«ለሥልጠናው ነው? ፈርሚና ባጅሽን ውሰጂ፤ ምሳ ሁለተኛ ፎቅ ነው» አለች ዳናይት፣ ቀና ሳትል።

«እኔ የመጣሁት ለሞተው ሰው ነው» አለች ኢንስፔክተር ሰምሃር።

ሥልጠናውን የምታስተባብረው ዳናይት ደንግጣ ብድግ አለች። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው በዚህ የትምህርት አማካሪ ድርጅት፣ መረጃ አጣሪው አቶ ተስፋጽዮን ጠዋት ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቀው ሞተዋል። አስከሬናቸው ከግቢው ሳይነሳ ሥልጠናው ቀጥሏል። ርእሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ «ትምህርትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መምራት»። ሰምሃር አንብባው ከንፈሯን አጣመመች።

እሳቸው በወደቁበት ሰዓት አምስተኛ ፎቅ የነበሩት ዳናይት፣ የመኪና ቁልፍ ሊወስድ የወጣው ሹፌሩ ሚስባህና ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶክተር ኃይለኪሮስ ብቻ ናቸው።

ዶክተሩ ከቆዳ ወንበራቸው ሳይነሱ ተቀበሏት።

«ራሱን ነው ያጠፋው። ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ትቷል። ቶሎ ጨርሺልኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምልከው ሪፖርት አለኝ።»

ጽሑፉ አጭር ነበር። «ማሽኑ ልክ ነው። የየካ አባዶው ትምህርት ቤት ግማሽ ተማሪው በየቀኑ ቀሪ ነው። እያወቅሁ ደበቅሁ። ይዘጋ።»

«ሪፖርቱ ስለዚህ ትምህርት ቤት ነው?»

«እንዲዘጋ ማሽኑ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎታችን፣ መክሯል። መንግሥት ዛሬ ምክሩን ከተቀበለ፣ ነገ የሚሾመው ማን እንደሆነ አንቺም ትሰሚያለሽ።»

«እዚያ የሚማሩት ልጆችስ?»

«ማሽኑ ስሜት የለውም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።»

«ትምህርት ቤቱን አይተውት ያውቃሉ?»

«የካ አባዶ ድረስ ምን ልሠራ?»

ሚስባህ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

«ጋሼን ትናንት ትምህርት ቤቱ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሰፈሬ ነው። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆመው ልጆች ሲቆጥሩ ዋሉ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ተናደዱ። ጠዋት ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ አሉኝ።»

«አንተም ልጅ አለህ እዚያ?»

«አለኝ። አሁን ቤት ነው፤ የሚገባው ከሰዓት ነው።»

ሰምሃር ሦስቱን ስብሰባ አዳራሽ ጠራቻቸው።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ቀሪው ግማሽ ተማሪ የት ነው የሚውለው?»

«ጎዳና ነዋ» አሉ ዶክተሩ። «ወላጁ ግድ የለውም።»

ዳናይት ዞራ አየቻቸው። «የምን ቀሪ? ፈረቃ ነው እንጂ። እኔም ቦሌ ሚካኤል ስማር ግማሻችን ጠዋት፣ ግማሻችን ከሰዓት ነበር የምንገባው።»

«ማሽኑ ግን ሁሉም ልጅ ቀኑን ሙሉ ይማራል ብሎ አሰበ» አለች ሰምሃር። «ስለዚህ ሁልጊዜ ግማሹ ጠፋበት። አቶ ተስፋጽዮን ሁለቱንም ፈረቃ በዓይናቸው ቆጥረዋል፤ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊጽፉ አይችሉም። ዳናይት ወይም ሚስባህ ቢጽፉት ኖሮ ማንኛውም ወላጅ የሚስቅበትን ምክንያት አይመርጡም ነበር። ከእናንተ መካከል ያመነበት ሰው አንድ ነው፤ አሁን በአፉ ነገረን። ትምህርት እመራለሁ የሚል ሰው ፈረቃ አያውቅም።»

ዶክተሩ ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ።

«ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ላስረዳዎት አለኝ። ጊዜ የለኝም አልኩት። ሪፖርቱን አስቆመዋለሁ ብሎ በረንዳው ላይ ስልክ ሊደውል ወጣ። ስልኩን ልቀማው ነበር… ገፋሁት።»

«ሁለት ደቂቃ ቢያዳምጧቸው ይበቃ ነበር» አለች ሰምሃር።

ዶክተር ኃይለኪሮስ ከስምንት ሰዓት በፊት ተይዘው ሄዱ። ሪፖርቱ አልተላከም፤ ትምህርት ቤቱም አልተዘጋም።